ስለ ሁሉም እንስሳ ጻፉ፣ ከአውራ ዶሮው በቀር

ሐሳቡ የመጣልኝ ካዛንቺስ የታክሲ ሰልፍ ላይ ቆሜ ነው። ሐምሌ ነው፣ ዝናቡ ያካፋል። ከፊቴ የቆመች አንዲት ትንሽ ልጅ የእናቷን ቀሚስ እየጎተተች፣ "ማሚ፣ እርግቧ ለምን ጃንጥላ የላትም?" አለች። እናትየው ስልኳን እየነካካች "ዝም በይ" አለቻት። ልጅቷ ዝም አለች፤ እኔ ግን ዝም ማለት አቃተኝ። ይህች ልጅ እኮ አሁን ግጥም ተናገረች፣ የሰማትም የለም አልኩ በልቤ። ረዳቱ "ትገባለህ ወይስ ትቆማለህ፣ ወንድሜ?" እስኪለኝ ድረስ ስለ አገሪቱ የግጥም ዕጣ ፈንታ ሳሰላስል ነበር። ከኋላዬ የተሰለፉት ሰዎች ደግሞ ስለ እኔ ጤንነት ያሰላስሉ ነበር።

ስለ ራሴ ትንሽ ልንገራችሁ። የመንግሥት ሠራተኛ ነኝ፤ ሥራዬ ደብዳቤ ማርቀቅ ነው። ተማሪ ሳለሁ አንድ ግጥሜ በትምህርት ቤታችን ሚኒ ሚዲያ ተነቦ ያውቃል። ባለቤቴ ይህን ታሪክ ብዙ ጊዜ ከመስማቷ የተነሣ አሁን አሁን እሷ ናት ለእንግዳ የምታወራልኝ፣ ቶሎ እንዲያልቅ። ከዚህም ሌላ የምንኖርበት ኮንዶሚኒየም የነዋሪዎች ኮሚቴ ጸሐፊ ነኝ። በችሎታዬ ተመረጥኩ ብላችሁ ደስ ይለኝ ነበር፤ እውነቱ ግን ምርጫው ዕለት ዘግይቼ መድረሴ ነው።

ግቢያችን ሰንጋ ተራ ነው። ስሙ የቀረው ከድሮው የከብት ገበያ ነው እንጂ ዛሬ ሰንጋ የምናየው በዓል ሲደርስ፣ እሱም መኪና ላይ ተጭኖ ሲያልፍ ነው። ልጆቻችን ትምህርት ቤት ሲዘጋ ደረጃ ላይ ተደርድረው ስልክ ሲያዩ ይውላሉ። እነዚህን ልጆች ቅዳሜ ቅዳሜ ሰብስቤ ስለ እንስሳት ግጥም አጽፋቸዋለሁ፣ ክረምቱ ሲያልቅ በነዋሪው ፊት ያነባሉ ብዬ ቆረጥኩ። በቃ፣ እንቅልፍ አጣሁ። ለባለቤቴ ስነግራት "ደብተር አንተ ትገዛለህ?" ብቻ ነው ያለችኝ።

በማግስቱ የኮሚቴው ሊቀ መንበር ሻለቃ ዘንድ ሄድኩ። ሻለቃ ጡረታ ከወጡ ብዙ ዘመናቸው ነው፣ ነገር ግን ይህን ማንም የነገራቸው አይመስልም። "ግጥም ጥሩ ነው። ሥርዓት ያስይዛል። ኮሚናሉን ውሰድ" አሉኝ። ኮሚናል የምንለው ለእርድና ለድግስ የተሠራውን፣ ጣሪያው ቆርቆሮ የሆነውን የጋራ ቤት ነው። ልወጣ ስል ጠሩኝ። "የአውራ ዶሮው ጉዳይ ግን የት ደረሰ?"

የአውራ ዶሮው ጉዳይ ይህ ነው። ካለፈው ፋሲካ ጀምሮ በየማለዳው፣ ገና አሥር ሰዓት ተኩል ሲሆን፣ ግቢያችን ውስጥ አንድ አውራ ዶሮ ይጮሃል። ድምፁ በአራቱ ሕንፃዎች መካከል እየተጋጨ ስለሚመለስ አንደኛው ብሎክ ሁለተኛውን ይጠረጥራል፣ ሁለተኛው ሦስተኛውን። ሻለቃ በፒጃማቸው ላይ ካፖርት ደርበው አንድ ሳምንት ሙሉ በየደረጃው ሥር እየቆሙ አዳመጡ፤ በመጨረሻም "ጠላት ቦታ ይቀያይራል" የሚል ሪፖርት ለኮሚቴው አቀረቡ። እኔ በጸሐፊነቴ ማስታወቂያ አረቀቅኩ። "ዶሮው በተገኘ በሃያ አራት ሰዓት ውስጥ ይታረዳል፣ ወይም ከግቢው ይወጣል፤ የደበቀውም ነዋሪ በጠቅላላ ስብሰባ ፊት ይጠየቃል" ይላል። የቃላቱ ጥንካሬ ራሴን አስደስቶኝ በር ለበር እየዞርኩ አደልኩት። ከእኔ አንድ ፎቅ ዝቅ ብለው ብቻቸውን የሚኖሩት እትዬ አስካለ ሳይቀሩ ወረቀቱን በሁለት እጃቸው ተቀብለው "ይቅናችሁ ልጄ" ብለው መርቀውኛል። እትዬ አስካለ ባለቤታቸው የሞቱባቸው ሴት ናቸው፤ ካዛንቺስ የነበረው ቤታቸው ሲፈርስ ነው ወደ እኛ ግቢ የመጡት።

የመጀመሪያው ቅዳሜ አሥራ አንድ ልጆች መጡ። "ስለምትወዱት እንስሳ ጻፉ" አልኳቸው። ጻፉ። ሰባቱ ስለ አንበሳ፣ ሁለቱ ስለ ዳይኖሰር፣ አንዱ ስለ ፔንጉዊን፣ አንዷ ስለ ዩኒኮርን። ናቲ የሚባለው፣ ጥርሱ የወለቀው፣ ብድግ ብሎ እንዲህ አነበበ።

አንበሳ የጫካው ጌታ፣
ሥጋ ይበላል ጠዋት ማታ።

አጨበጨብኩለት። ቤት ይመታል፣ ምን ይወጣለታል? ነገር ግን አንበሳውን የት እንዳየው ስጠይቀው "ስልክ ላይ" አለኝ። ፔንጉዊኑስ? ስልክ ላይ። ዩኒኮርኗስ? እሷም ስልክ ላይ፣ ያውም የአክስቷ ስልክ ላይ። ያኔ ተነሥቼ ሦስት ሕግ ሰሌዳው ላይ ጻፍኩ። እነዚያ ሦስት ሕጎች ናቸው ኋላ ጉድ ያፈሉብኝ፤ ስጽፋቸው ግን በደስታ ነበር። አንደኛ፣ በዓይናችሁ ያያችሁትን እንስሳ ብቻ። ሁለተኛ፣ ራሳችሁን እንስሳውን አድርጋችሁ በእሱ አፍ ተናገሩ። ሦስተኛ፣ እውነት ከሆነ አትፍሩ።

በሁለተኛው ቅዳሜ እንስሳ ፍለጋ ወጣን። አሥራ አንዱን ልጅ እጅ ለእጅ አያይዤ በሜክሲኮ በኩል ወደ ቡልጋሪያ ሰፈር ወሰድኳቸው። አዲስ አበባ መሀል እንስሳ ማግኘት ቀላል እንዳይመስላችሁ። አንድ ሰዓት ያህል ከሄድን በኋላ አንድ ጋራዥ በር ላይ፣ ሞተሩ የወረደለት መኪና ሥር የተኛ ውሻ አገኘን። ዙሪያውን ከበን ቁጢጥ አልንና ደብተር አወጣን። መካኒኩ እጁን በጨርቅ እየጠረገ መጣ።

"ምን ፈልጋችሁ ነው?"

"ግጥም ልንጽፍለት ነው" አለ ናቲ።

"ለማን?"

"ለውሻው።"

መካኒኩ ለአፍታ ዓይን ዓይኔን አየኝና ወደ ውስጥ ዞሮ "እናንተ፣ ኑ ተመልከቱ፣ ለቡቺ ግጥም ሊጻፍለት ነው" ብሎ ተጣራ። አምስት ሰው ወጣ። ቡቺ ከየት እንደመጣ ክርክር ተነሣ። አንዱ ከቄራ ተከትሎኝ መጣ ይላል፣ ሌላው እኔ ነኝ በካርቶን ያመጣሁት ይላል። ልጆቹ የሁሉንም ይጽፋሉ። አንድ ደንበኛ መኪናውን ሊወስድ መጥቶ፣ ሠራተኛው በሙሉ ስለ ውሻ ሲከራከር ሲያይ ጊዜ እሱም ስለ ራሱ ውሻ ማውራት ጀመረ። እኔ መሀላቸው ቆሜ እንባዬ ሊመጣ ምንም አልቀረው። ይኸውላችሁ፣ ከተማው በሙሉ ግጥም ይዞ ነው የሚዞረው፣ የሚጠይቀው ሰው ብቻ ነው ያጣው አልኩ። ውሻው ግን ሲነቃ አሥራ አንድ ልጆች አፍጥጠው ሲያዩት ደንግጦ ተነሥቶ ሄደ።

ከዚያ ቅዳሜ በኋላ ልጆቹን የሚያቆማቸው ጠፋ። የግቢያችን እንስሳት ምስጢር አንድ በአንድ ይወጣ ጀመር። በሦስተኛው ብሎክ ሦስት ቤተሰቦች እያንዳንዳቸው የራሳቸው የሚሏት ድመት እንደነበረቻቸው ታውቃላችሁ? እኔም አላውቅም ነበር። የፔንጉዊኑ ባለቤት እንዲህ ብሎ መጣ።

አንደኛ ፎቅ ሚሚ ነኝ፣ ሁለተኛ ፎቅ ሉሉ፣
ሦስት ቁርስ እበላለሁ፣ ሁሉም "የእኛ ናት" ሲሉ።

ሦስቱ እናቶች በዚያው ዕለት ማታ ደረጃ ላይ ተገናኝተው የከረረ ነገር ተነጋግረዋል። የገዛ ልጄ ቤቲ ደግሞ የጻፈችው ስለ በረሮ ነው። በረሮ እንስሳ ነው አይደለም በሚለው ላይ ክፍሉ ግማሽ ሰዓት ተከራክሮ፣ እንስሳ ነው ተባለ። በበረሮው አፍ እንዲህ አለች።

የቤቲ አባት ጫማ ይዞ ሊመታኝ መጣ፣
እኔ ክንፌን ስዘረጋ እሱ ወንበር ላይ ወጣ።

ልጆቹ ወለሉ ላይ እስኪንከባለሉ ሳቁ። እኔም "እውነት ከሆነ አትፍሩ" ያልኩ ሰው ነኝና ከመሳቅ ሌላ ምን አማራጭ አለኝ? ባለቤቴ ግጥሙን ፍሪጅ ላይ ለጥፋዋለች። እስካሁን አለ።

አንድ ነገር ግን ከነከነኝ። ስለ ድመቷ ጽፈዋል፣ ስለ በረሮው ጽፈዋል፣ በሂክማ አባት ሱቅ ጀርባ ስላለችው አይጥም ጽፈዋል። በየማለዳው ሁላችንንም ስለሚቀሰቅሰው አውራ ዶሮ ግን አንድም ልጅ አንዲት መስመር አልጻፈም። "ስለ ዶሮውስ?" ብዬ ጠየቅኩ። አሥራ አንድ ልጅ አንድ ላይ እርሳሱን መቅረጽ ጀመረ። ያን ጊዜ ገባኝ። ልጆቹ ሁሉ ዶሮው የት እንዳለ ያውቃሉ።

ይህን ለሻለቃ መንገር አልነበረብኝም። ነገርኳቸው። ሻለቃ ብድግ አሉ። "እንግዲያው በግጥም አውጣጣቸው" አሉኝ። እኔ ደግሞ፣ አሁን ሳስበው ይጨንቀኛል፣ ደስ አለኝ። ወራት ሙሉ ኮሚቴውን ያስቸገረ ምስጢር በእኔ የግጥም ክፍል ሲፈታ ታየኝ። በሚቀጥለው ቅዳሜ "ስለ አውራ ዶሮው የጻፈ ልጅ በንባቡ ቀን መጨረሻ ላይ፣ በማይክ ያነባል" አልኳቸው። ማይክ ስል ዓይኖች ሁሉ ወደ ሂክማ ዞሩ።

ሂክማ የአሥር ዓመት ልጅ ናት። አባቷ የሱፍ ከወሎ መጥቶ ምድር ቤት ያለውን ሱቅ የከፈተው እሷ ሳትወለድ ነው። የሱቁን ዕቃ በየቤቱ የምታደርሰው እሷ ናት። ብዙ አታወራም፤ ስትጽፍ ምላሷን በጥርሷ ይዛ ነው። ሁለት ሳምንት ሙሉ ምንም ሳታስረክብ ቆይታ፣ ለንባቡ ሁለት ቀን ሲቀረው ዳቦ ልገዛ ሱቅ ስገባ የታጠፈ ወረቀት ይዛ ጠበቀችኝ።

"ጋሼ፣ እውነት ከሆነ አትፍሩ ብለዋል አይደል?"

"ብያለሁ።"

"ሰው ቢያፍርበትስ?"

"እውነት ነው ወይ?"

"እውነት ነው።"

"እንግዲያው ይፈር" አልኳት፣ ዳቦዬን ይዤ፣ በኩራት።

ወረቀቱን የገለጥኩት ደረጃው ላይ ነው። ግጥሙ በዶሮው አፍ ነው የተጻፈው።

ለፋሲካ ነው የገዙኝ፣ ለወጥ ነበር የታሰብኩት፣
ሽንኩርቱ ሲቁላላ ነው ከሻወር ቤት የሰማሁት።
እትዬ በር ላይ ቆሙ፣ ሰው መጣ ቦርሳ የያዘ፣
"መጣሁ" ብሏቸው ሄደ፣ ደረጃውን ተጓዘ።
ፋሲካ አለፈ፣ ዳግም ትንሣኤም አለፈ፣
በዚያ ሰውዬ ምክንያት የእኔ አንገት ተረፈ።

ከዚያ በታች ሌሎች መስመሮች ነበሩ፤ ማንበብ አልቻልኩም። ደረጃው ላይ ተቀመጥኩ። ዳቦው ተንከባሎ አንድ ፎቅ ወረደ። ቦርሳ የያዘው ሰው እኔ ነኝ።

ትዝ አለኝ። ቅዳሜ ስዑር ከሰዓት በኋላ ነው፤ ቦርሳዬን ይዤ ስገባ እትዬ አስካለ በራቸው ላይ ቆመዋል፤ በአንድ እጃቸው ዶሮ፣ በአንድ እጃቸው ቢላዋ። በእኛ ልማድ ሴት ዶሮ አታርድም፤ ወንድ የሌለበት ቤት በር ላይ ቆሞ የሚያልፍ ወንድ ይጠብቃል። ካዛንቺስ ቢሆን ኖሮ በአጥሩ ላይ አንዴ ቢጣሩ ሦስት ሰው ይደርስላቸው ነበር። እዚህ ግን የደረስኩት እኔ ነኝ። "ልጄ፣ እባክህ ባርክልኝ" አሉኝ። በሕይወቴ ዶሮ አርጄ አላውቅም። የእኛ ቤት ዶሮ ታርዶ፣ ታጥቦ፣ በላስቲክ ሆኖ ነው የሚመጣው። ይህን ለአንዲት እናት መናገር አፈርኩና "መጣሁ፣ ቦርሳዬን ላስቀምጥ" አልኳቸው። መቼም እኛ አገር "መጣሁ" የምንለው ስንሄድ ነው። ቤቴ ገባሁ፣ አልጋው ላይ ተቀመጥኩ፣ ትንሽ ልጠብቅ አልኩ፣ ሌላ ሰው ያልፋል አልኩ። ከዚያ ረሳሁት፤ ወይም መርሳቱ ተሳካልኝ። ከዚያም ያንኑ ዶሮ ለወራት በማስታወቂያ አሳደድኩት።

አንድ ፎቅ ወርጄ አንኳኳሁ። እትዬ አስካለ ከፈቱልኝና አዩኝ። "መጣህ?" አሉኝ፣ ትናንት እንደተለያየን ሁሉ።

ዶሮው ሻወር ቤት ውስጥ ነው፤ የእጅ መታጠቢያው ጠርዝ ላይ ቆሟል። ቀይ፣ ደረቱን የነፋ፣ በሚገባ የተቀለበ ዶሮ ነው። አንገቱን ሰበር አድርጎ በአንድ ዓይኑ አየኝ። ዓይኔን የሰበርኩት እኔ ነኝ።

"እትዬ፣ ምነው ታዲያ ሌላ ሰው ቢጠሩ?" አልኳቸው።

"አንተ መጣሁ ብለህ ሌላ ሰው እጠራለሁ? አላመነችኝም አትልም?" አሉኝ። "እስኪመሽ ጠበቅኩህ።"

"ፋሲካን ታዲያ በምን ፈሰኩ?"

"ሽንኩርቱ ደርሶ ነበር፣ እንቁላል ጨመርኩበት። ደኅና ወጥ ወጣው።"

ሁለት ወር ሊሞላ ጥቂት የቀረው ጾም ጾመው ዶሮ የሌለበት ዶሮ ወጥ በሉ ማለት ነው። ምድር ተከፍታ ብትውጠኝ ደስ ባለኝ። እሳቸው ግን ወደ ወጥ ቤት ሄደው ቢላዋውን ይዘው ተመለሱ። "እንግዲህ ከመጣህ" አሉ። እጄን ዘረጋሁ። ዶሮውም አየኝ፣ እኔም አየሁት። "እትዬ፣ ልብሴን ቀይሬ..." ብዬ ልቀጥል ስል አፌን በእጄ ያዝኩ። እትዬ አስካለ ሳቁ። ቢላዋውን መለሱት።

"ሂክማ ስለ ዶሮው የጻፈችውን ከነገ ወዲያ ልታነበው ነው" አልኳቸው። "ካነበበችው ሻለቃ ዶሮውን ያስወጡታል።"

"ልጅቷ ለፍታበታለች፣ ታንብብ" አሉ። የዶሮውን ጀርባ ዳበስ አደረጉት። "ለምዶኝ ነበር" አሉ። ከዚያ ወደ እኔ ዞረው "አንተስ?" አሉኝ። ምን ማለታቸው እንደሆነ ያኔ አልገባኝም። "እኔ ምንም አልሆንም" ብዬ ወጣሁ። ማታ ጸሎት አደረስኩ። የለመንኩት ዝናብ ነው፤ ንባቡን የሚያስቀር ከባድ ዝናብ።

የንባቡ ቀን ጳጉሜን ውስጥ፣ ለእንቁጣጣሽ ሁለት ቀን ሲቀረው ነበር። ኮሚናሉ ሞላ። ወንበር ያጣው ግድግዳ ተደግፎ ቆመ። ሻለቃ ከፊት ከባለቤታቸው ጋር ተቀምጠዋል። እትዬ አስካለ ነጠላቸውን ተከናንበው መጨረሻው ረድፍ ላይ ናቸው። ናቲ አንበሳውን ትቶ ስለ ቡቺ አነበበ፤ ከቡልጋሪያ የመጡት ሁለት መካኒኮች ቆመው አጨበጨቡ። የድመቷ ግጥም ሲነበብ ሦስቱ እናቶች ዓይን ለዓይን ሳይተያዩ ሳቁ። የበረሮው ግጥም ይደገም ተባለ፤ ተደገመ። እንደዚያ ያለ ደስታ አይቼ አላውቅም፤ እኔ ግን ሂክማን ባየሁ ቁጥር ቀና ብዬ ጣሪያውን አዳምጣለሁ።

ተራዋ ደርሶ ማይኩን ስትይዝ ሰማዩ ተቀደደ። ዝናብ ብቻ አይደለም፣ በረዶም አለው። ቆርቆሮው ላይ ሲወርድ አጠገቤ ያለው ሰው ሲያስል እንኳ አይሰማም። ሂክማ ጣቷን መስመሩ ላይ አድርጋ ማንበብ ጀመረች። ከንፈሯ ይንቀሳቀሳል፣ ድምጿ የለም። ድምጿን ከፍ አደረገች፣ የአንገቷ ሥር ተገታተረ፣ አሁንም የለም። እኔ "ተመስገን" አልኩ። አልደብቃችሁም፣ ተመስገን ነው ያልኩት። ዶሮው ተረፈ፣ እኔም ተረፍኩ። ጨርሳ ወረቀቱን ስታወርድ ሰው በይሉኝታ አጨበጨበላት።

ወደ እኔ መጥታ በእግሯ ጣት ቆማ ጆሮዬ ላይ ጮኸች። "ጋሼ፣ ሰዎቹ ሰሙኝ?"

አዎ ማለት እችል ነበር። አፌ ላይ ደርሶ ነበር። ነገር ግን ሰሌዳው ከኋላዋ አለ፣ ሦስቱ ሕጎችም በእጄ ጽሑፍ። "አልሰሙሽም" አልኳት። "እሺ" አለችና ወረቀቱን አጠፈችው። የጨረሰችኝ ያቺ "እሺ" ናት። ተናዳ ብታለቅስ ይሻለኝ ነበር።

ወረቀቱን ከእጇ ወሰድኩ፣ ማይኩን ያዝኩ፣ ወንበር ላይ ወጣሁ። ካለቅኩ አይቀር ጮክ ብዬ ልለቅ አልኩ። ዝናቡን ለመብለጥ ባለ በሌለ ድምፄ "ለፋሲካ ነው የገዙኝ" ብዬ ጀመርኩ። ቦርሳ የያዘው ሰውዬ ላይ ስደርስ የራሴን ደረት መታሁ። ደረጃው ላይ ሆኜ ማንበብ ወዳቃተኝ ደረስኩና አለፍኩት፤ መጨረሻውንም አነበብኩ።

ጠዋት ጠዋት የምጮኸው ለመረበሽ አይደለም፣
"ሰውዬው መጣ ወይ?" ነው እንጂ ሌላ ጥያቄ የለም።

መጀመሪያ ከኋላ አንዱ ሳቀ፣ ከዚያ ቤቱ በሙሉ። ሻለቃ ብድግ ሲሉ ሳቁ ቆመ።

"ይህ ሰውዬ ማነው?"

"እኔ ነኝ፣ ሻለቃ።"

"ዶሮውስ የት ነው?"

"እኔ ቤት ነው" አሉ እትዬ አስካለ፣ ከመቀመጫቸው ተነሥተው።

ሻለቃ የእኔን ማስታወቂያ ከኪሳቸው አወጡ። "ሃያ አራት ሰዓት ይላል። ይታረዳል ወይም ይወጣል። በዓሉም ደርሷል፤ ይታረድ። ማነው የሚያርደው?" ብለው ወንዶቹን አዩ። ሁሉም ወንድ በአንድ ጊዜ ስልኩን አወጣ። ጣሪያውን የሚመረምርም ነበር። ለካ ግቢው በሙሉ እንደ እኔው ነው።

የሱፍ እጁን አነሣ። "እኔ እችላለሁ። ግን እኔ ያረድኩትን እትዬ አይበሉትም፤ ለምን በከንቱ ይሞታል?"

"ሻለቃ ራሳቸው አሉ አይደለም እንዴ?" አለ አንዱ መካኒክ።

"እሳቸውማ" አሉ የሻለቃ ባለቤት ረጋ ብለው፣ "ዶሮ ሲታረድ መኪና ሊያሳጥቡ ነው የሚሄዱት።"

ቤቱ በሳቅ ተናጋ። ሻለቃ ጉሮሯቸውን ጠረጉ፣ ማስታወቂያውን አጠፉት። "ወታደር ዶሮ ላይ አይተኩስም" አሉ። እትዬ አስካለም "ማን ይታረድ አለ? እኔ ለእንቁጣጣሽ ቅርጫ ገብቻለሁ" አሉ። ከዚያ ድርድር ሆነ። ዶሮው ከመኝታ ቤቶች ርቆ በሩ አጠገብ ወዳለው የጥበቃ ቤት እንዲዛወር፣ ልጆቹ በየተራ እንዲቀልቡት፣ እትዬ አስካለም በፈለጉ ሰዓት እንዲጠይቁት ተወሰነ። "ምናልባት ጥበቃችንም በዚያው ይነቃ ይሆናል" አሉ ሻለቃ። ቃለ ጉባኤ ጻፍ ተባልኩ።

ልጽፍ ጎንበስ ስል ሂክማ እጅጌዬን ጎተተች። "ጋሼ፣ ሁለት መስመር ዘለሉ።"

ዘልያለሁ። ወንበሩ ላይ ሆኜ አይቻቸው ነበር። ነውሬን ለሕዝብ ጮክ ብዬ ማንበብ ችያለሁ፤ እነዚያን ሁለት መስመሮች ግን ማንበብ አቃተኝ። ማስታወቂያውን በገዛ እጄ ሳቀብላቸው "ይቅናችሁ" ያሉኝን ሴት ቀና ብዬ ለማየትም አቅም አልነበረኝም። ማይኩን ለሂክማ ሰጠኋት። ዝናቡ አባርቷል። ወደ መጨረሻው ረድፍ ዞራ፣ ሁሉም እየሰማት፣ አነበበችው።

እትዬ ግን ስሙን ለማንም አልነገሩም፣
እኔን ደበቁ እንጂ እሱን አላሳፈሩም።